«ለእናቴ ድንኳን ነው አልኳት»

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ 28 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ዱባይ ሆቴል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሥራ ባልደረባዬ ግፊት የፓራሹት ዝላይ ሞከርኩና በዚያው ቀረሁበት። ኤ የሚባለው የጀማሪ ፈቃድ አለኝ፤ እስካሁን 52 ጊዜ ዘልያለሁ። የምዘለው ሁልጊዜ በኪራይ ጃንጥላ ነው፣ 190 ስኩዌር ፊት። ክብደቴ 61 ኪሎ ነው።

ሜዳው ላይ እንደ ታላቅ ወንድም የማየው አንድ ሐበሻ አለ። ከ600 ጊዜ በላይ ዘሏል። ጃንጥላ ማጠፍ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥረኝ የዝላይ ከፍሎልኛል፤ ታምሜ ተኝቼ ሾርባ ያመላለሰልኝም እሱ ነው። አሁን አዲስ ሪግ (ዋናውና መጠባበቂያው ጃንጥላ የሚያዙበት የጀርባ ትጥቅ) ስለገዛ አሮጌውን በ9,000 ድርሃም እንድወስደው ጠየቀኝ። ዋናው ጃንጥላ 135 ነው፣ መጠባበቂያው 126። «አንቺ ቀላል ነሽ፣ ትለምጂዋለሽ፤ በዚያ ሸራ እስከ መቼ ትንሳፈፊያለሽ? አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ላይ አብረን እንዘልበታለን» ይለኛል። ጓደኞቻችንም ሪግ የገዛ ሰው ቢራ ያመጣል እያሉ ኬዙን ቆጥረውብኛል። እምቢ ማለት ከበደኝና 2,000 ድርሃም ቀብድ ሰጠሁት። ሪጉንም «ይዘሽው ግቢ፣ ማጠፍ ተለማመጂበት» ብሎ አስያዘኝ። ለገና መጥቼ እስከ ጥር መጨረሻ እዚሁ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የዘለልኩት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው።

እናቴ ሻንጣዬን ስታራግፍ ሪጉን አገኘችው። ምንድን ነው ስትለኝ «ድንኳን ነው» አልኳት። ታናሽ ወንድሟ በደርግ ጊዜ አየር ወለድ ነበር፤ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀረ። ጃንጥላ ታጥቆ የተነሳው ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እሷ ግን ያልኳትን አምና «ድንኳኑን» በባና ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሪጉን ልግዛው? ካልገዛሁትስ ምን ብዬ ልመልስለት? ለእናቴስ ምን ልበላት?

የድንኳኗ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣

ስለ ሪጉ የጻፍሽልን መጠኑንና ዋጋውን ብቻ ነው። የሰውየውን ደግነት ግን አንድ በአንድ ቆጥረሽ ጽፈሻል። የከበደሽ ውለታው እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ውለታን ማሰብ ያስመሰግናል፣ መክፈልም ይገባል። ግን መክፈያው ብዙ ነው፤ በቁርጭምጭሚትና በወገብ የሚከፈል ውለታ ግን እሱም ራሱ የሚፈልገው አይመስለንም። እስቲ ለአፍታ ሪጉን ከሰውየው እንለየውና ሻጩን እንደማናውቀው ሆነን እንየው።

የጃንጥላ ጫና የሚሰላው ከአውሮፕላን ስትወጪ ያለሽን ጠቅላላ ክብደት በፓውንድ ወስደሽ ለጃንጥላው ስፋት በማካፈል ነው። አንቺ 61 ኪሎ፣ ሪጉ፣ ልብሱና ቆቡ 12 ኪሎ ገደማ፣ ድምሩ 73 ኪሎ ወይም 161 ፓውንድ ይሆናል። ይህ ለ190 ሲካፈል 0.85 ነው። ለ170 ወደ 0.95፣ ለ150 ወደ 1.07፣ ለ135 ደግሞ ወደ 1.19 ይወጣል። ኤ ፈቃድ ላለው ጀማሪ በሰፊው የሚመከረው ከ1.0 እንዳያልፍ ነው። ከ190 ወደ 135 መውረድ ማለት ሁለቱን መካከለኛ መጠኖች ዘለሽ፣ ከራስሽ በላይ ካለው ጨርቅ ከሩብ የሚበልጠውን በአንድ ቀን መቁረጥ ማለት ነው።

«አንቺ ቀላል ነሽ» የሚለው አባባል የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ጃንጥላ ባነሰ ቁጥር ገመዶቹም ያጥራሉ። ገመዱ ያጠረ ጃንጥላ ደግሞ ጫናው እኩል ቢሆን እንኳ ለእጅሽ ቶሎ ይታዘዛል፣ ሲዞርም በፍጥነት ይጠልቃል። ስለዚህ ቀለል ያለ ሰው በትንሽ ጃንጥላ ላይ ከከባዱ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ተቃራኒው ነው፤ በተለይ ሴቶች እህቶቻችን ይህንኑ እየሰሙ ከአቅማቸው በፊት ወደ ትንንሽ ጃንጥላ ይገፋሉ።

በዚህ ስፖርት ሰው በብዛት የሚጎዳው ጃንጥላው አልከፈት ብሎት ይመስለናል። ከሚጎዱትና ከሚሞቱት ብዙዎቹ ግን ጃንጥላቸው በደንብ ተከፍቶ ከራሳቸው በላይ እያለ፣ መሬት አጠገብ የተሳሳቱ ናቸው። እንዴት እንደሚሆን አስቢው። ለማረፍ 30 ሜትር ሲቀርሽ ሌላ ዘላይ ከፊትሽ ይገባል። እጅሽ ሳታስቢው ጃንጥላውን ከሚያዞሩት ሁለት መሪዎች አንዱን ወደ ታች ይስባል። 190ው ጥቂት ዘንበል ብሎ ያዞርሽና ጊዜ ይሰጥሻል። 135ቱ በዚያው አሳሳብ ይጠልቅና ቀና ከማለቱ በፊት መሬት ይደርሳል። ይህን ለመከላከል ሁለቱንም መሪ በግማሽ ይዞ ሳይጠልቁ መዞርን እጅሽ ራሱ እስኪያውቀው መለማመድ ያስፈልጋል። በ52 ዝላይ እጅ ይህን አልተማረም። ይህ የድፍረት ማነስ አይደለም፣ ገና ስላልተደጋገመ ነው።

መጠባበቂያውን ደግሞ ብዙ ገዢ አያየውም። 126ቱ ላይ ጫናሽ 1.28 ገደማ ይሆናል። መጠባበቂያ የሚከፈተው ነገር በተበላሸበት ቀን ነው፤ ከተማው ወይም ሜዳው የት እንዳለ በማታውቂበት፣ ምናልባትም በአየር ላይ ከሰው ተጋጭተሽ ራስሽን በሳትሽበት ሰዓት። ራሱን የሳተ ሰው ለማረፍ መሪውን አይስብም። ጃንጥላው እንዳመጣው ያሳርፈዋል። ያን ቀን ከበላይሽ ምን ያህል ጨርቅ እንዲኖር ትፈልጊያለሽ?

«እንግዲያው 170 ገዝቼ በዚሁ ሪግ ውስጥ ብከተውስ?» ማለትሽ አይቀርም። አይሆንም። የጀርባው ከረጢት ለ135 ተለክቶ የተሰፋ ነው። 150ው በትግል ይገባ ይሆናል፣ 170ው ግን አይገባም። አስጨንቀሽ ብታስገቢው መዝጊያው ፒን ይጠብቅና ስትስቢ እምቢ ይላል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ያለው ስፌትም ይጎዳል። መታጠቂያውም በእሱ ቁመትና ደረት ልክ የተሠራ ነው። ለአንቺ ከረዘመ ጃንጥላው ሲከፈት ወደ ላይ ይሸሻል፣ የደረቱ ማሰሪያ ወደ አንገትሽ ይወጣል፣ እጀታዎቹም እጅሽ በለመደው ቦታ አይገኙም። በጭንቅ ሰዓት እጀታ መፈለግ ማለት ከፍታ መጨረስ ማለት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት እዚህ ላይ በሴንቲሜትር የሚለካ እውነት ነው። መታጠቂያን ማሳጠር ይቻላል፣ ግን ከፍተኛ ፈቃድ ያለው ሪገር (የጃንጥላ ትጥቅ ባለሙያ) የሚሠራው ውድ ሥራ ስለሆነ 9,000 ድርሃሙ ላይ ደምሪው።

ስለዚህ ምክራችን ይህን ሪግ እንዳትገዢው ነው። ስለ ሰውየው ክፉ ማለታችን አይደለም። ከ600 ዝላይ በኋላ 135 ለእሱ ልኩ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጃንጥላ ከለመደ ሰው አፍ «ትለምጂዋለሽ» የሚለው ቃል በቅንነት ይወጣል፣ ምክንያቱም እሱ የለመደበትን መንገድ ርዝመት ረስቶታል።

ደብረ ብርሃን ላይ አብሮ የመዝለሉ ሕልም ደግሞ ያምራል፤ ግን እሱም የሚፈርደው ለትልቁ ጃንጥላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ጃንጥላ፣ ያው ሰው፣ ከዱባይ ባሕር ዳር ይልቅ ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚበልጥ ፍጥነት መሬት ይደርሳል። እጅሽ የለመደው የመሳቢያ ጊዜም ይዛባል። እዚህ መዝለል የሚያስብ ሰው ጃንጥላውን ያሰፋል እንጂ አያጠብም። ሌላም አለ። ዘላዩ ቢዘነጋ መጠባበቂያውን በራሱ የሚከፍተው መሣሪያ ሲበራ የቆመበትን መሬት ዜሮ ብሎ ይይዛል። አዲስ አበባ አብርቶት በመኪና ደብረ ብርሃን የመጣ ሰው መሬቱ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎበታል። መሣሪያው መጠባበቂያውን የሚከፍተው ከያዘው ዜሮ 225 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ተሳስቶ የበራ መሣሪያ ቁጥሩ ሳይደርስለት ሰውየው መሬት ይደርሳል። ሁልጊዜ ማብራት የሚዘለልበት ሜዳ ላይ ነው፤ ቦታ ከተቀየረ አጥፍቶ እንደገና ማብራት።

የራስሽ ሪግ እንዲኖርሽ መፈለግሽ ግን ትክክል ነው። ኪራይ ያደክማል፣ ገንዘብም ይበላል። ለአንቺ 170 ዋና ጃንጥላ፣ ወደዚያው የሚጠጋ መጠባበቂያ፣ በቁመትሽ የሆነ መታጠቂያ ፈልጊ። ስታገኚ ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ሻጩ ሳይሆን አንቺ የመረጥሽው ሪገር ይየው። አንቺም አብረሽው ተንበርከኪና ተመልከቺ። በመጀመሪያ የመሪዎቹን ገመድ። ስፔክትራ የሚባለው ገመድ በሰበቃው ሙቀት እየተኮማተረ ይሄዳል፣ ከሁሉ ቀድመው የሚያጥሩትም የመሪዎቹ ናቸው። ሲያጥሩ ጃንጥላው ፍሬን እንደተያዘ ሆኖ ይበራል፣ ለማረፍ ስትስቢም ጉልበት ያጣል። ቬክትራን ከሆነ አያጥርም፣ ግን እየተበላ ድንገት ይበጠሳል፤ የፀጉር ያህል ብን ብን ካለ መቀየሪያው ደርሷል። ቀጥሎ ዋናውን ጎትታ የምታወጣዋን ትንሽ ጃንጥላ። በውስጧ የሚያልፈው ገመድ ካጠረ ሙሉ አትነፋም፣ ዋናውም ይዘገያል ወይም ከከረጢቱ አይወጣም። መዝጊያው ቀለበት ገመድ ርካሽ ነው፤ ትንሽ እንኳ ከተበላ በአዲስ ይተካ፣ ሲበጠስ ጃንጥላው ሳታስቢው ይከፈታልና። የተበላሸ ዋና ጃንጥላ የሚለቀቅባቸውን በትከሻ ላይ ያሉ ሦስት ቀለበቶች ፈትቶ ማሰሪያውን ማለስለስ፣ የሚይዛቸውን ቢጫ ኬብልም መጥረግ በየወሩ የሚደረግ ሥራ ነው። ሻጩን መቼ እንዳደረገው ጠይቂው፤ መልሱ ስለ ሌላውም አያያዙ ይነግርሻል። በራሱ የሚከፍተው መሣሪያ የተሠራበትን ዓመት እይ፤ ዕድሜው እንደ ሥሪቱ ከ12 ዓመት ተኩል እስከ 20 ይደርሳል፣ ሁለት ዓመት የቀረው መሣሪያ ዋጋው የሁለት ዓመት ነው። የመጠባበቂያው ካርድ ላይም መቼና በማን እንደታጠፈ ተጽፏል። እንደ አገሩ ደንብ 180 ቀን ወይም አንድ ዓመት ሲሞላው ተከፍቶ እንደገና ይታጠፋል።

ዱባይ ስትመለሺ ከመጨረሻ ዝላይሽ 60 ቀን አልፎሻል። ኤ ፈቃድ ላለው ሰው ይህ ወደ አስተማሪ ተመልሶ ማደሻ የሚወሰድበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዝላዮች በለመድሽው 190 አድርጊ፤ ከረጅም ዕረፍት በኋላ አዲስ መሣሪያና ትንሽ ጃንጥላ በአንድ ቀን አይደራረቡም። ከዚያ በዚያው 190 ከ600 ሜትር በላይ ሆነሽ ተለማመጂ፦ በግማሽ ፍሬን መዞር፣ ለማረፍ እንደሚሳበው እየሳቡ አቅጣጫን በትንሹ ማስተካከል፣ ጃንጥላውን እስኪያቆም ስቦ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ከመረጥሽው ነጥብ በ10 ሜትር ውስጥ፣ ነፋስ በጎን ሲመጣም ቆመሽ ማረፍ ሲደጋገምልሽ ያኔ 170 ተከራይተሽ ሞክሪ። የጃንጥላ አነዳድ ኮርስ ካገኘሽም ከአሥር ተራ ዝላይ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

ለሰውየው ዛሬውኑ ጻፊለት፤ ተመልሰሽ ሜዳ ላይ ሰው መሃል እንዳትነግሪው። በሰው ፊት የተባለ እምቢታ እሱንም ያሳፍራል፣ አንቺንም መልሶ ያሸንፍሻል። ሰበብ አትፈልጊ። «ገንዘብ አጠረኝ» ካልሽው «በየወሩ ትከፍያለሽ» ይልሻል። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ወንድሜ፣ ጫናውን አሰላሁት፤ 135 ላይ 1.19 ነው የምሆነው። ለእኔ ገና ነው። ጊዜ ሳላጠፋ የነገርኩህ ሌላ ገዢ እንዳያመልጥህ ብዬ ነው። 170 ስፈልግ አብረኸኝ እየው፣ ካንተ ዓይን የተሻለ አላውቅም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለማባበል አይደለችም። ታላቅነቱን እንደያዘ አብሮሽ የሚቆምበት ቦታ ትሰጠዋለች፣ ደግሞም እውነት ናት። ቀብዱን በግልጽ ጠይቂው። በአንቺ ምክንያት ሌላ ገዢ መልሻለሁ ካለ ተነጋግራችሁ ከፊሉን ብትተዪለት ይሻላል፤ 2,000 ድርሃም ያሳዝናል፣ ግን የተሰበረ እግር ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ቢራውን የሚቆጥሩትን ልጆች 170ው ሲመጣ ታመጪላቸዋለሽ።

እስከዚያ ድረስ ሪጉ የሰው አደራ ነው። እናትሽ ሳታውቀው መልካም አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ፀሐይ ናይለንን ያደክማልና ጨለማው ይስማማዋል። ቤቱ እርጥበት ካለው ወይም አይጥ ካለ ግን ከአልጋው ሥር አውጥተሽ ክዳን ባለው ሻንጣ ውስጥ ክተቺው። ማጠፍ ስትለማመጂ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ከቡና ምድጃ የምትዘል አንዲት ፍንጣሪ ጨርቁን አቅልጣ ትበሳዋለች። ሜዳ ወስደሽ በጥር ነፋስ ልነፋው እንዳትዪ።

አሁን ወደ እናትሽ። ለአንቺም ለእኛም ከባዱ ይሄኛው ነው።

ዱባይ ተመልሰሽ በስልክ እንዳትነግሪያት። በስልክ የሰማችውን ብቻዋን ነው የምትሸከመው፣ ፊትሽን ሳታይ። ሌላ ሰው ከሌለበት አንድ ቀን ቡና አፍልተሽ፣ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ንገሪያት። ከቁጥር አትጀምሪ። «እማዬ፣ ድንኳን ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። ጃንጥላ ነው። የምዘለው እኔ ነኝ» በይና ዝም በይ። ብትቆጣም፣ ብታለቅስም፣ ተነስታ ወደ ጓዳ ብትገባም ቶሎ ለማስረዳት አትሩጪ። በቅድሚያ የምታዝነው በዝላዩ ይሁን በውሸቱ ገና አታውቂም፤ እሷም ላታውቀው ትችላለች።

ስለ አጎትሽ የምታነሳው እሷ ትሁን። ስታነሳ ስሚያት፤ ምናልባት ለዓመታት ስለ እሱ የጠየቃት የለም። ከጠየቀችሽ ልዩነቱን ንገሪያት። አየር ወለድ ወታደር ብዙውን ጊዜ ከ400 ሜትር ባልበለጠ ከፍታ፣ ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ በሚከፈት ጃንጥላ፣ ትጥቅ ተሸክሞ ይወርዳል። አንቺ ከ900 ሜትር በላይ ትከፍቻለሽ፤ የምትመሪው ጃንጥላ፣ መጠባበቂያና ብትዘነጊ በራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለሽ። አጎትሽን የወሰደው ጦርነት ነው፣ ጃንጥላው አይደለም። ይህን በቀስታ እንጂ እንደ ክርክር አትንገሪያት። «ምንም አደጋ የለውም» ደግሞ በጭራሽ አትበያት፤ ሁለተኛ ድንኳን ይሆንብሻል።

«በጠባሽው ጡት ይዤሻለሁ፣ ተዪው» ብትልሽስ? ይህን ከአሁኑ አስቢበት። የማትጠብቂውን ቃል አትግቢላት። «እማዬ፣ እሺ ብዬ ከምዋሽሽ እያዘንሽም ብታውቂ ይሻለኛል» ማለት ይከብዳል፣ ግን ማለት ይቻላል። ልትተዪው የምትፈልጊ ከሆነም ለእሷ ብለሽ ብቻ ነው ወይስ ለራስሽም? ይህን አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ፤ ማንም ሊመልስልሽ አይችልም። ከቀጠልሽ ግን የምትሰጪያት ተጨባጭ ነገር ይኑር፦ የዘለልሽ ዕለት ማታ ሁሌ ትደውይላታለሽ፤ ከሜዳው ሰዎች አንዱ የወንድምሽን ወይም የአክስትሽን ስልክ ይይዛል፤ ትንሹን ጃንጥላ ሲሰጡሽ እምቢ ብለሽ ትልቁን መርጠሻል። የመጨረሻዋን ከሁሉ በላይ ትረዳታለች፤ ከይሉኝታሽ በፊት እሷን ማሰብሽ ይታያታልና።

ለማየት ፈቃደኛ ከሆነች ባናውን አብራችሁ ግለጡት። በቀኝ በኩል ያለውን ቀዩን እጀታ አሳያት፣ የተበላሸውን ዋና ጃንጥላ የሚለቀው እሱ ነው። በግራ ያለው የመጠባበቂያው ነው። ትንካው፣ ትዳስሰው፤ ግን እንዳይሳብ እጅሽን ከእጇ ላይ አድርጊ። አንዴ ከተሳበ መልሶ የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ሪገር ነው፣ ሪጉም ለባለቤቱ እንደታጠፈ መመለስ አለበት።